ማየትን ማስተማር፦ ጆን ረስኪንና የሥዕል ትምህርት ዓላማ

ሥዕል መማር የሚገባው ሠዓሊ ለሚሆን ሰው ብቻ ነውን? እንግሊዛዊው የኪነ ጥበብ ሐያሲ ጆን ረስኪን የዕድሜውን ሰፊ ክፍል ለዚህ ጥያቄ መልስ በመስጠት አሳልፏል።

ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1819 ከአንድ ባለጸጋ የወይን ጠጅ ነጋዴ ቤተሰብ ለንደን ውስጥ ተወለደ። በ1843 የመጀመሪያ ቅጹ በታተመው «ዘመናዊ ሠዓሊያን» በተሰኘው ሥራው የተርነርን ሥዕሎች በመከላከል ታወቀ። በዘመኑ የነበሩት የመንግሥት የሥዕል ትምህርት ቤቶች ዋና ዓላማ ለፋብሪካ ምርት ንድፍ የሚያወጡ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር፤ ተማሪውም የተዘጋጁ የጌጥ ንድፎችን በመገልበጥ ይውል ነበር። ረስኪን ይህ አሠራር እጅን እንጂ ዓይንን አያሠለጥንም ሲል ተቃወመ።

አማራጩን የፈተነው በ1854 ለንደን ውስጥ በተከፈተው የሠራተኞች ኮሌጅ ነው። በዚያም ቀን በሥራ ለዋሉ የእጅ ባለሙያዎች ማታ ያለ ክፍያ ሥዕል አስተማረ። ግቡ አናጺውን ሠዓሊ ማድረግ ሳይሆን፣ አናጺ ሆኖ ሳለ በሚያየው ነገር የሚደሰት ሰው ማድረግ ነበር። በ1857 ያሳተመው የሥዕል መማሪያ ዘዴውን በግልጽ ያሳያል። ተማሪው አንድ ተራ ድንጋይ ፊቱ አስቀምጦ ክብነቱን በብርሃንና በጥላ ልዩነት እንዲያወጣ ይታዘዛል። ቀለምን ለመለየት ደግሞ በነጭ ወረቀት ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ይመለከታል። ሣር አረንጓዴ መሆኑን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ፀሐይ የመታው ሣር ወደ ቢጫ ማድላቱን ሳያስተውል ይቀራል፤ ቀዳዳዋ ከዚህ ልማድ ታላቅቀዋለች።

ረስኪን በ1869 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የስሌድ የኪነ ጥበብ ፕሮፌሰር ሆኖ ተመረጠ። በ1871 በዚያው የሥዕል ትምህርት ቤት አቋቁሞ፣ ለተማሪዎች መመልከቻ የሚሆኑ ሥዕሎችን፣ ኅትመቶችንና ፎቶግራፎችን በቅደም ተከተል አደራጀ። በ1875 ደግሞ በሼፊልድ ለብረት ሠራተኞች የሚሆን ሙዚየም ከፈተ።

ይሁን እንጂ ይኸው መምህር በ1877 የዊስለርን የሌሊት ርችት የሚያሳይ ሥዕል አይቶ በብርቱ ቃል አጣጣለው። ዊስለር በስም ማጥፋት ከሰሰው፤ በ1878ም ፍርድ ቤቱ ለዊስለር ፈርዶ፣ ካሣው ግን የፔኒ ሩብ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ለዝርዝር የሠለጠነው ዓይን ዝርዝርን ሆን ብሎ የተወውን ሥዕል ሊቀበለው አልቻለም።

ረስኪን በ1900 አረፈ። ሥዕልን ለእይታ ማስተማሪያነት የሚጠቀም መምህር ከሕይወቱ ሁለት ነገር ይቀስማል፦ ማየት በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው፤ ልምምዱም ራሱ፣ ካልተፈተሸ፣ ሌላ ልማድ ይሆናል።