ሰሚ ያጣ ምስክር

በግእዝ ስምዕ ማለት ምስክርነት ነው። ቃሉ የወጣው ሰምዐ ከሚለው ግስ ሲሆን፣ ትርጉሙም ሰማ ማለት ነው። በአባቶቻችን ቋንቋ መመስከርና መስማት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የኢጣልያዊው የፕሪሞ ሌቪ ሕይወት ይህን ያስረዳል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፕሪሞ ሌቪ በ1919 በቶሪኖ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1935 አገራችንን የወረረው የሙሶሊኒ መንግሥት በ1938 ደግሞ በገዛ ዜጎቹ በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣ። ሌቪ አስቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለነበር ትምህርቱን እንዲጨርስ ተፈቀደለት። በ1941 በኬሚስትሪ በከፍተኛ ማዕረግ ሲመረቅ ግን አይሁዳዊነቱ በዲፕሎማው ላይ ተጻፈበት።

ጀርመኖች ሰሜን ኢጣልያን በያዙ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ወደ ተራራ ወጣ፤ በ1943 መጨረሻም ተያዘ። በፌብሩዋሪ 1944 ከ650 ያህል አይሁድ ጋር በባቡር ታጭቆ በፖላንድ ምድር ወደሚገኘው አውሽዊትዝ ተወሰደ። ሕፃናቱና ሽማግሌዎቹ ጭምር አብዛኞቹ እንደ ደረሱ በመርዝ ጋዝ ተገደሉ። እርሱ ለሥራ ተመርጦ 174517 የሚል ቁጥር በክንዱ ላይ ተነቀሰበት። ሎሬንዞ የሚባል የአገሩ ሰው፣ እስረኛ ያልሆነ ግንበኛ፣ ስድስት ወር ያህል በስውር ምግብ እያመጣ ሰጠው፤ ዋጋም አልጠየቀም። ካምፑ በጃንዋሪ 1945 ነጻ ሲወጣ ሌቪ በሕይወት ነበር።

በዚያ ካምፕ እስረኞች ደጋግመው የሚያልሙት ሕልም ነበራቸው። ቤታቸው ገብተው መከራቸውን ሲያወሩ ዘመዶቻቸው አይሰሟቸውም። ሕልሙም ለሌቪ እውን ሊሆን ምንም አልቀረው። ቶሪኖ ተመልሶ ይህ ሰው ከሆነ የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። ታላቁ አሳታሚ አልቀበልም ስላለ፣ በ1947 አንድ አነስተኛ አሳታሚ 2,500 ቅጂ አወጣለት፤ እርሱም ሁሉ አልተሸጠም። ሕዝቡ ከጦርነት ወጥቶ ለመርሳት ቸኩሎ ነበር።

ሌቪ በቀለም ፋብሪካ እየሠራ ታገሠ። በ1958 ያው እንቢ ያለው አሳታሚ መጽሐፉን አተመው፤ ወደ ብዙ ቋንቋም ተተረጎመ። ከዚያ በኋላ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ የወጣቶችን ጥያቄ ይመልስ ነበር። ሲጽፍ አልጮኸም፤ አልተራገመም። በፍርድ ሸንጎ እንደሚቆም ምስክር ያየውን ብቻ ተናገረ። ፍጹሞቹ ምስክሮች ግን ሞተው የቀሩት ናቸው ይል ነበር። በ1987 እስኪያርፍ ድረስም ዓለም እንዳይረሳ ይሠጋ ነበር።

ሌቪ አማኝ አልነበረም። ሆኖም በሐሰት አትመስክር የሚለውን ሕግ እኛ አማኞቹ የእርሱን ያህል ጠብቀነዋልን? ደግሞስ ሕጉ የሚናገረው ለተናጋሪው ብቻ ነውን? እውነተኛ ምስክር ሰሚ ሲያጣ ሐሰት ያለ ድካም ያሸንፋል። በየቤታችን ክፉ ዘመን ያዩ እናቶችና አባቶች አሉ። ብዙዎቹ ዝም ያሉት የሚናገሩት ስለሌላቸው ሳይሆን ጠያቂ ስላጡ ነው። እንግዲህ በእግራቸው ሥር ተቀምጠን እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጻፈው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።