ሼኽ ሆጀሌና በስማቸው የተጠራው ሰፈር

በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለውን ሰፈር የሰማ ብዙ ነው፤ ስሙ ከሼኽ ሆጀሌ አልሐሰን መምጣቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የኚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ሼኽ ሆጀሌ የአሶሳ ገዥ ነበሩ። ወገናቸውም ወታዊት ከሚባሉት፣ ከሱዳን መጥተው ከበርታ ሕዝብ ጋራ ከተጋቡት ነጋዴዎች ነው። አገሩ በወርቁ የታወቀ ስለ ኾነ፣ የግብጹ መሐመድ ዓሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካስጐመዡት ነገሮች አንዱ ይኸው የቤኒሻንጉል ወርቅ ነበር።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ወደዚያው ዘመቱ። ከዚህ በኋላ ሼኽ ሆጀሌ ከሌሎች የአገሩ ሼኾች ጋራ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ወርቅ ሊገብሩ ተስማምተው ወደ አሶሳ ተመለሱ፤ ኀይላቸውም ከቀድሞው በለጠ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የወሰን ውል ኩርሙክ ድንበር ላይ ስለ ዋለች፣ ወርቁም ሰውም በዚያ በኩል ይተላለፍ ነበር። የሼኹ ባለቤት ሲት አምና በሱዳን ተቀምጠው የባሪያ ንግድ ሲያካሂዱ፣ የሱዳን መንግሥት በ1928 እ.ኤ.አ. ያዛቸው።

ሼኽ ሆጀሌ በእስረኝነት በገቡባት በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ይህ ሥራ ለመኖሪያ ብቻ አልነበረም፤ ከወሰን አገር የመጣው ባላባት ከመኳንንቱ እኩል መቆሙን ለከተማው የሚናገር ምልክት ነበር።

ሕንፃ እንዲህ መናገሩ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በቻይና ነገሥታት ዘመን ፓጎዳ የሚባለው ባለ ብዙ ደርብ ግንብ መጀመሪያ የቡድሃ ዐፅም ማኖሪያ ነበር፤ በኋላ ግን የየከተማው ሹምና ባለጠጋ ገንዘብ እያዋጣ፣ ለአገሩ ዕድል እንዲቀና፣ ልጆቹም የመንግሥቱን ፈተና እንዲያልፉ ያሠራው ጀመር። የፓጎዳው ተስፋ የከተማው ሁሉ ነበር፤ የሼኹ ቤት ክብር ግን የአንድ ሰው ነበር፤ ዋጋውን ግን የከፈሉት ብዙዎች ናቸው።

ሼኽ ሆጀሌ በ1938 እ.ኤ.አ.፣ አገራችን በፋሺስት እጅ ሳለች ዐረፉ። ስማቸው በሰፈሩ ላይ ቀረ። ከወንዝ አሸዋ ወርቁን ያጠቡት፣ በኩርሙክ መንገድ የተሸጡት ግን ስማቸው የተጻፈበት ሰፈር የለም። እንግዲህ ነገ ሹም የሚኾነው ወጣት የቀደሙትን አዳራሽ ሲያይ፣ ማን እንዳሠራው ብቻ ሳይኾን በማን ድካም እንደ ተሠራም ይጠይቅ እንላለን።