የዶላርን ትክክለኛ ዋጋ ሲፈልጉ የኖሩት ስዊድናዊ

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ታክሲ ውስጥም ካፌ ውስጥም አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ የዶላር ትክክለኛ ዋጋ ስንት ነው? የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የተነሱ ሰው ነበሩ፤ ጉስታቭ ካሰል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።)

ካሰል በ1866 ስቶክሆልም ተወለዱ። መጀመሪያ የተማሩት ሒሳብ ነው፤ ዶክትሬታቸውም በሱ ነው። ወደ ኢኮኖሚክስ የገቡት ቆይተው ሲሆን፣ ከ1904 ጀምሮ ስቶክሆልም ፕሮፌሰር ሆነው አስተማሩ።

ያኔ ምንዛሪ ብዙም ራስ አያዞርም ነበር። ገንዘብ በወርቅ ስለታሰረ አንድ ዶላር 3.73 ክሮና ነው፣ አለቀ። በ1914 ጦርነቱ ሲመጣ ግን ማሰሪያው ተበጠሰ። መንግሥታት ገንዘብ አተሙ፣ ኑሮ ተወደደ። ታዲያ የድሮው ምንዛሪ ካልሠራ የትኛው ይሥራ?

ካሰል ገንዘቡ በየአገሩ ምን ያህል ዕቃ ይገዛል የሚለው ይታይ አሉ። ስዊድን ውስጥ ዋጋ ሦስት እጥፍ፣ አሜሪካ ውስጥ ሁለት እጥፍ ሆነ እንበል። የስዊድኑ ጭማሪ የአሜሪካውን አንድ ተኩል ጊዜ ስለሆነ፣ ዶላሩም ወደ 5.60 ክሮና መውጣት አለበት። በ1918 ስም አወጡለት፤ የመግዛት አቅም እኩልነት። ሐሳቡ እነ ሪካርዶ ዘንድም ነበር፤ በቁጥር አስልተው ባለሥልጣናት ፊት ያቀረቡት ግን እሳቸው ናቸው።

ቀዳዳ የለውም ማለት አይደለም። የቤት ኪራይና የፀጉር ቆራጭ ዋጋ እኮ ድንበር አይሻገርም! ገንዘብ ከአገር ሲሸሽም ምንዛሪው ከስሌቱ ይርቃል።

እኛን ከቀመሩ ይበልጥ የሳበን ማስጠንቀቂያቸው ነው። በ1920 ለመንግሥታቱ ማኅበር በጻፉት ሰነድ፣ ገንዘባቸው ክፉኛ የረከሰባቸው አገሮች ወደ ድሮው ምንዛሪ ለመመለስ ሲሉ ዋጋን በግድ ቢያወርዱ ሥራ እንደሚቆም አሳሰቡ። ከ1929 በፊትም ማዕከላዊ ባንኮች ወርቅ ሲሻሙ ዋጋ ይወድቃል እያሉ በጋዜጣም በስብሰባም ወተወቱ። ሰሚ አልነበረም። ዋጋ ወደቀ፣ ሚሊዮኖች ሥራ አጡ። በመስከረም 1931 እንግሊዝ ወርቁን ስትለቅ ስዊድንም በቀናት ውስጥ ተከተለች።

ካሰል በጥር 1945 አረፉ። ተማሪዎቻቸው ሚርዳልና ኦሊን በ1970ዎቹ ኖቤል ወሰዱ። የዓለም ባንክና አይኤምኤፍ የአገሮችን ኢኮኖሚ የሚያወዳድሩበት አንዱ መንገድ ዛሬም ከሳቸው ሐሳብ የተቀዳ ነው። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ለአንድ ዓመት ሁለት የተራራቀ የዶላር መጠን ተሰጥቶት ካያችሁ፣ ትልቁ በመግዛት አቅም የተሰላው ነው።