ብላቴን ጌታ ኅሩይ እና የፍርድ ቤት ሥልጣን ወሰን

ኮልፌ ቀራኒዮ የሚኖር ጎረቤቴ አንድ የውጭ ዜጋ ከሶ፣ ችሎቱ ሥልጣን የለኝም ብሎ ሲመልሰው እኔም አብሬው ተናደድኩ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሕይወት ሳነብ ግን ነገሩ ገባኝ። የመርሐቤቴው ደራሲ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት በልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። እዚያ ኢትዮጵያዊና የውጭ ሰው ሲካሰሱ፣ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል መነሻነት ቆንስልም አብሮ ይቀመጥ ነበር። ኅሩይ በ1931 ዓ.ም. በስደት እንዳሉ እንግሊዝ አገር አረፉ። ዛሬ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 የመደበኛ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የሚወስድ፣ የሕግ ሥርዓት የማይከተል ልዩ ፍርድ ቤት ይከለክላል። የውጭ ዜጋን ክርክር ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሰጠውም የራሳችን አዋጅ ነው። ጎረቤቴም ክሱን ወደዚያው ወሰደ። እኔ እንደገባኝ፣ ወሰኑን የገዛ ሕጋችን ካሰመረው መመለሱ አያስከፋም።