ነፋስን ጎተራ ያስገባ መምህር፤ የፖውል ላ ኩር አጭር የሕይወት ታሪክ

ገበሬ እህሉን በመከር ጊዜ ሰብስቦ ጎተራ ካላስገባ፥ ክረምት ሲገባ መራቡ አይቀርም። የኤሌክትሪክም ነገር እንደዚሁ ነው። ነፋስ ሁልጊዜ አይነፍስም፤ ፀሐይም ማታ ትጠልቃለች። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን የተረዳነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ለፈተና ስናጠና መብራት ድንገት ጠፍቶብን በአንድ ሻማ ዙሪያ ተሰብስበን ያመሸንባቸው ሌሊቶችም አስተምረውናል። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ማን እንጻፍ ብለን በተመካከርን ጊዜ፥ ይህን ችግር ለማሸነፍ ዕድሜውን የሰጠ የአንድ መምህር ታሪክ እንዲሆን ተስማማን። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፖውል ላ ኩር በ1846 ዓ.ም. በዴንማርክ አገር፥ ኤቤልቶፍት ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ በእርሻ ቦታ ተወለደ። በኮፐንሃገን የተፈጥሮ ሳይንስ ተምሮ የአየር ጠባይ ዐዋቂ ሆነ፤ በ1872 ዓ.ም. የዴንማርክ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ገና በሃያ ስድስት ዓመቱ ምክትል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በአንድ ሽቦ ብዙ የቴሌግራፍ መልእክቶችን ለማስተላለፍ የሚረዳ መሣሪያም ስለ ፈለሰፈ፥ ስሙ በውጭ አገር ሳይቀር መታወቅ ጀመረ።

እንዲህ ያለ ሰው በዋና ከተማ ቢቀመጥ ሹመትም ሀብትም በተጨመረለት ነበር። ላ ኩር ግን በ1878 ዓ.ም. ኮፐንሃገንን ትቶ አስኮቭ ወደምትባል መንደር ሄደና በዚያ በሚገኘው የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ይህ ትምህርት ቤት የገበሬ ወጣቶች ያለ ፈተና፥ ለዕውቀት ብቻ ብለው የሚማሩበት ነበር። ላ ኩርም ሒሳብንና ፊዚክስን ከታሪካቸው ጋር አያይዞ ያስተምራቸው ነበር።

በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ በከተሞች መስፋፋት ጀምሮ ነበር። ላ ኩርም ብርሃኑና መኪናው ሁሉ ለከተማ ብቻ ከሆነ፥ ገጠሩ ወደ ኋላ እንደሚቀርና ወጣቱም መንደሩን ጥሎ እንደሚሰደድ ተመለከተ። ዴንማርክ የድንጋይ ከሰል የላትም፤ ነፋስ ግን ሞልቷታል። ስለዚህ ከመንግሥት የገንዘብ ርዳታ አግኝቶ በ1891 ዓ.ም. በአስኮቭ ዲናሞ የሚያዞር የነፋስ ወፍጮ አቆመ።

የመጀመሪያው ችግር ነፋሱ አንድ ጊዜ ሲበረታ አንድ ጊዜ ሲደክም የኤሌክትሪኩ ኃይል መዋዠቁ ነበር። ለዚህም በጠፍርና በክብደት የሚሠራ፥ ዲናሞው በእኩል ኃይል እንዲዞር የሚያደርግ ቀላል መሣሪያ ሠራ፤ ስሙንም ክራቶስታት አለው። ሁለተኛውና ዋናው ችግር ግን ማጠራቀም ነበር። ባትሪ በዚያ ዘመን እጅግ ውድ ስለ ነበረ ሌላ መንገድ ፈለገ። በኤሌክትሪኩ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክሲጅን ለይቶ አየሩን በትልቅ ጋን ውስጥ አጠራቀመ። ከ1895 እስከ 1902 ዓ.ም. ድረስ የአስኮቭ ትምህርት ቤት በዚህ በሃይድሮጅን መብራት ያመሽ ነበር።

ሥራው ግን ያለ አደጋ አልተፈጸመም። ጥቂት ኦክሲጅን ከሃይድሮጅኑ ጋር በተቀላቀለ ጊዜ ፈንድቶ የትምህርት ቤቱን የመስኮት መስታወት ከአንድ ጊዜ በላይ ሰባብሮታል። መምህሩም መስታወቱን እያስተካከለ ምርምሩን ቀጠለ። በ1897 ዓ.ም. ሁለተኛና ትልቅ ወፍጮ ተሠራለት። ነፋስን በቱቦ ውስጥ እየነፋ ትንንሽ ክንፎችን በመፈተን፥ ብዙ ክንፍ ካለው ወፍጮ ይልቅ ጥቂት ክንፍ ያለውና ፈጥኖ የሚዞረው ለኤሌክትሪክ እንደሚሻል አረጋገጠ።

በመጨረሻ ወደ ባትሪ ተመለሰ፤ በ1902 ዓ.ም. የአስኮቭ መንደር ከወፍጮውና ከባትሪው ብርሃን አገኘች። ነፋስ ሲደክም በባትሪው የተጠራቀመው ኃይል ወደ ዲናሞው ተመልሶ እንዳይባክን መሥመሩን በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያም ሠራ። ነፋስ ለብዙ ቀን ቢጠፋ ግን መንደሪቱ ጨለማ እንዳይውጣት በነዳጅ የሚሠራ ሞተር በተጠባባቂነት አስቀመጠ።

ላ ኩር ዕውቀቱን ለራሱ አልደበቀም። በ1903 ዓ.ም. የዴንማርክ የነፋስ ኤሌክትሪክ ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ፤ በሚከተለውም ዓመት የገጠር ወጣቶችን የኤሌክትሪክ ሥራ ማስተማር ጀመረ። እርሱ በ1908 ዓ.ም. በስድሳ ሁለት ዓመቱ ቢሞትም ሥራው አልሞተም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከውጭ የሚመጣው ነዳጅ ባነሰ ጊዜ የነፋስ ወፍጮዎቹ ለገጠሩ ትልቅ መከታ ሆኑ፤ በ1918 ዓ.ም. በነፋስ የሚረዱት የዴንማርክ የገጠር ኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ወደ 120 ደርሰው ነበር። በአስኮቭ ከተማሩት ወጣቶች አንዱ የነበረው ዮሐንስ ዩል ደግሞ በ1957 ዓ.ም. በጌድሰር ባለ ሦስት ክንፉን ዝነኛ የነፋስ ተርባይን ሠራ፤ ኃይሉም 200 ኪሎዋት ነበር።

ዛሬ በአገራችን ገጠር በቤት ጣራ ላይ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ሰሌዳ ስናይ ይህን መምህር እናስታውሳለን። ሰሌዳው ፀሐይን ይቀበላል፤ ተቆጣጣሪው መሣሪያ ኃይሉን ይመጥናል፤ ባትሪውም ለሌሊት ያቆያል። ዕቃው ቢለወጥም ሐሳቡ ላ ኩር በአስኮቭ የደከመበት ሐሳብ ነው። ሰሌዳውን የገዛ ቤተሰብም ባትሪውን መጠበቅና ሽቦውን ማያያዝ የሚያውቅ ልጅ በመንደሩ ከሌለው፥ በተበላሸ ጊዜ ወደ ኩራዙ መመለሱ አይቀርም።

እኛም በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ተሰናብተን እንሄዳለን። ከመካከላችን የከተማ ሥራ የሚመኝ ብዙ ነው፤ ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን የተማርነውን ለወጣንበት መንደር ማካፈል ዕዳችን መሆኑን የላ ኩር ሕይወት አስገንዝቦናል። መምህሮቻችንም ያስተማሩን በእኛ ዘንድ ተከማችቶ እንዲቀር እንዳልሆነ እናውቃለን።