የኢንተርኔት ቍጥር አዳይ፤ ጆን ፖስቴል

በእንዲህ ያለ መጽሔት የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በሚወጣበት ጊዜ የጦር መሪዎችና የፈልሳፎች ስም ዘወትር ይነሣል። እኔ ግን ዘንድሮ የምጽፍላችሁ የዕለት ሥራው ቍጥር ማደልና ያደለውን በመዝገብ ማስፈር ስለ ነበረው ሰው ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ፖስቴል ኦገስት 6 ቀን 1943 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ተወለደ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተማረው ቫን ናይስ በተባለው ትምህርት ቤት ሲሆን፥ ለኢንተርኔት መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል የሆኑት ቪንት ሰርፍና ስቲቭ ክሮከርም የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ከአንድ ትምህርት ቤት ሦስት እንዲህ ያሉ ሰዎች መውጣታቸው እኛን ተማሪዎችን የሚያስቀና ነው። ከዚያም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1966 የመጀመሪያውን፥ በ1968 ሁለተኛውን፥ በ1974 የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበለ። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 የአርፓኔት የመጀመሪያው መልእክት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲላክ ፖስቴል በዚያ ቤተ ሙከራ ከሚሠሩት ተማሪዎች አንዱ ነበረ። ጢሙን አስረዝሞ ሰንደል ጫማ ተጫምቶ መሄድ የሚወድ ሰው ነበረ ይባላል።

በዚያን ጊዜ እርስ በርሳቸው የተያያዙት ኮምፒዩተሮች ጥቂት ነበሩ። ቢሆንም ለየሥራው የተለየ ቍጥር ያስፈልግ ነበር፤ ሁለት ሰዎች አንድ የፖስታ ሣጥን ቍጥር ቢሰጣቸው ደብዳቤያቸው እንደሚደበላለቅ ሁሉ በመረቡም ላይ ነገሩ እንዲሁ ነውና። ስለዚህ ፖስቴል በሜይ 1972 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ቍጥሮቹን የሚያድል አንድ ሹም እንዲኖር አሳሰበ፤ ሹሙም ራሱ ይሆን እንደ ሆነ በጥያቄ መልክ ጣል አደረገ። ሥራውም በእጁ ቀረ።

በ1977 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የመረጃ ሳይንስ ተቋም ተዛወረ። ሴፕቴምበር 1981 የወጣውን የኢንተርኔት አድራሻ ደንብ አርሞ ያዘጋጀው እርሱ ነው። በዚህ ደንብ ሊታደሉ የሚችሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ናቸው። የማደሉ ሥራ ከጊዜ በኋላ በእንግሊዝኛ አጠራሩ አያና የተባለ ስም ወጣለት። ስሙ በእኛ አገር የሰው ስም መሆኑ ያስቀኛል፤ ደግሞም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዘመን ከፖስቴልና ከጥቂት ረዳቶቹ አያልፍም ነበርና።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ማንኛውም ጽሕፈት ቤት ገብቶ ፕሪንተሩን ይመልከት። እኔ በማውቀው አንድ ቢሮ ሠራተኞቹ ከረዥም ዕረፍት ሲመለሱ ፕሪንተሩ አላትምም አለ። ወረቀትም ቀለምም ነበረው፤ የጠፋው አድራሻው ነበር። ዲኤችሲፒ የተባለውና ራልፍ ድሮምስ በ1993 ጽፎ ያወጣው ደንብ አድራሻን በራሱ ያድላል፤ የሚያድለው ግን በውሰት ነው። አዲስ የገባ መሣሪያ ስሙን ለማያውቀው አዳይ ጥሪ ያሰማል፤ አዳዩም ባዶውን ቍጥር ያቀርብለታል፤ መሣሪያው ያንኑ ይጠይቃል፤ አዳዩም ያጸድቅለታል። የውሰቱ ቀን ሲያልፍ ቍጥሩ ለሌላ ይሰጣል። ለእንግዳ ስልክ ይህ መልካም ነው። ፕሪንተር ግን እንግዳ አይደለም፤ ሁሉም የሚፈልገው ባለቤት ነው፤ ስለዚህ በፋብሪካ የተሰጠው 48 ቢት መለያ በራውተሩ መዝገብ ተጽፎ ምንጊዜም ያው አድራሻ እንዲደርሰው ይደረጋል። በዚያም ቢሮ ይህ ተደርጎ ነገሩ አበቃ።

እኔን የገረመኝ የፖስቴል እጅ በዚህች ትንሽ ነገር ውስጥ መገኘቱ ነው። የፕሪንተሩ አድራሻ በ192.168 ይጀምር ነበር፤ ይህን ክፍል ለቤትና ለመሥሪያ ቤት ውስጥ አገልግሎት ለይቶ ያስቀመጠው የእርሱ መሥሪያ ቤት ሲሆን ደንቡ የወጣው በፌብሩዋሪ 1996 ነው። ውጭ ስለማይወጣ በሺህ ቢሮዎች ቢደጋገም አይጋጭም። መሣሪያው አድራሻ ሲለምን የሚያንኳኳው በር ቍጥሩ 67፥ መልሱን የሚቀበልበት 68 ነው፤ እነዚህም ከእርሱ መዝገብ የወጡ ናቸው።

ሆኖም ሥልጣኑ ያለ ፈተና አልቀረም። ጃንዩዋሪ 28 ቀን 1998 ፖስቴል የኢንተርኔትን የስም መዝገብ ከሚጠብቁት ዋና ሰርቨሮች ለስምንቱ ኀላፊዎች ጽፎ፥ መዝገቡን መንግሥት ካዋዋለው ኩባንያ ሳይሆን ከእርሱ ዘንድ እንዲወስዱ ጠየቀ። ስምንቱም እሺ አሉ። የአሜሪካ መንግሥት ግን ተቈጣ፤ እርሱም ሙከራ እንደ ነበረ ገልጾ ነገሩን ወደ ቀድሞው መለሰ። አንዳንዶች ድፍረት ነው ይሉታል። እኔ ግን ይበልጥ የማስበው ስለ ስምንቱ ነው፤ አንድም ወታደር፥ አንድም ሕግ ሳያስገድዳቸው ለአንድ ሰው ደብዳቤ ታዘዋልና። ያን ያህል መታመን የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የዓለም መዝገብ በአንድ ሰው ልብ ትርታ ላይ መንጠልጠሉ ያስፈራል።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሥራውን የሚረከብ አይካን የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ፖስቴል ግን ሲጠናከር አላየውም፤ ልቡን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ኦክቶበር 16 ቀን 1998 በ55 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዐረፈ። ለብዙ ዓመታት ሲያርማቸው የኖሩት የመረቡ ጽሑፎች በዚያን ጊዜ ከ2,400 አልፈው ነበር። የቫን ናይሱ ቪንት ሰርፍ የጻፈለት የሐዘን መታሰቢያም በዚያው ተራ ገብቶ 2468 የሚል ቍጥር ተሰጠው።