ጆን ዲዊ፦ ሕፃናትን በሥራ ያስተማሩ ፈላስፋ

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1859 በቨርሞንት ግዛት ተወለዱ። የትምህርት ሐሳባቸውን የፈተኑት በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በከፈቱት የሙከራ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ለሕፃናቱ ያልተዳመጠ ጥጥና የበግ ጠጉር ይሰጣቸው ነበር። ጥጡን ከፍሬው በእጃቸው ለመለየት 30 ደቂቃ ደክመው ያገኙት 28 ግራም እንኳ አልሞላም። አያቶቻቸው ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ለምን እንደለበሱ፣ የጥጥ መዳመጫ መኪናም የትኛውን ችግር እንደፈታ ጣቶቻቸው ነገሯቸው፤ መጽሐፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዲዊ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ከዩኒቨርሲቲው ጋር ባለመስማማታቸው በ1904 ቺካጎን ለቀቁ። በ1924 በቱርክ መንግሥት ተጋብዘው የአዲሲቱን ሪፐብሊክ ትምህርት ቤቶች መረመሩ፤ በሪፖርታቸውም የመምህራን ሥልጠናና ኑሮ እንዲሻሻል አሳሰቡ። በ1952 በ92 ዓመታቸው በኒውዮርክ አረፉ። የቺካጎው ትምህርት ቤት ግን ዛሬም እያስተማረ ይገኛል።